ጽሁፌን ሰው ጀምሮ ይተወዋል፣ ምን ላድርግ?

የከዚራ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤቶች፣ እርዳታ ፈልጌ ነው። ቴሌግራም ላይ ስለ ድሬዳዋና ስለ ባቡሩ ታሪክ የምፅፍበት ትንሽዬ ቻናል አለኝ፣ አያቴ እድሜውን ሙሉ ባቡር ላይ ነው የሰራው እና ከሱ የሰማሁትን ከማነበው ጋር እያስተያየሁ ነው የምፅፈው፣ አንዷ ፖስት ሳምንት ትፈጅብኛለች። ጓደኞቼን ስጠይቃቸው "አየሁት ቆንጆ ነው" ይሉኛል፣ መሃል ላይ ስላለው ነገር ሳነሳባቸው ግን አንዳቸውም አያውቁትም። በጣም ነው የከፋኝ። የመጨረሻው ፖስት እንዲህ ይጀምራል፦

"እንደሚታወቀው ድሬዳዋ በሀገራችን ምስራቃዊ ክፍል የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ስትሆን የአየር ንብረቷም ሞቃታማ ሲሆን ከጅቡቲ አዲስ አበባ የተዘረጋው የባቡር ሀዲድ የሚያልፍባት በመሆኗ የበረሃዋ ንግስት በመባል ትታወቃለች።"

ምኑ ጋ ነው የሚሰለቸው? በግልፅ ንገሩኝ።

ቲቸር፦
እህቴ ሰላም፣ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ትንፋሽ ያጥርሻል። ስትሆን፣ ሲሆን፣ በመሆኗ፣ ሦስቱ ተያይዘው "ትታወቃለች" የሚለው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። በኛ ቋንቋ አንባቢ ነገሩ የት እንደሚደርስ የሚያውቀው ግሱ ጋ ሲደርስ ነው፣ እስከዛ ሁሉንም ተሸክሞ ነው የሚሄደው፣ ከከበደው ይጥለዋል። ደሞ "በመሆኗ" ስትይ ምክንያት እየሰጠሽ ነው፣ ሀዲድ ስላለፈባት ነው እንዴ የበረሃ ንግስት የተባለችው? ቆራርጪው። "ጥንታዊት" የሚለውንም አውጪው፣ ሐረር አጠገቧ ቁጭ ብላ ድሬን ጥንታዊት ማለት አያስኬድም፣ ድሬን የወለዳት ባቡሩ ነው። "እንደሚታወቀው"ንም ተዪው በናትሽ፣ የሚታወቅ ከሆነ ምን ብሎ ያነባል።

ደቻቱ ማዶ፦
የኔ እህት እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ የመጀመሪያውን መስመር አይቼ ነው ያለፍኩት፣ ሙቀቷንማ አውቀዋለሁ። ቲቸር የነካው ነገር ነው እኮ ዋናው፣ ባቡሩ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ሊገባ ነበር! ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ከታች ሜዳው ላይ እንዲያልፍ ተደረገ፣ በፈረንጅ 1902 ባቡሩ ሲደርስ ከተማዋም እዛው ተቆረቆረች። ከዚያ የባቡሩ ድርጅት ከሰረ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። 15 ዓመት! ሀዲዱ ከድሬ እስኪቀጥል ድረስ ከባቡር የወረደ እቃ ወደ መሃል ሀገር በምን ሄደ? በግመልና በበቅሎ ነዋ። ይሄን ፖስትሽ ውስጥ አገኘሁት፣ ግን የት? አስራ አንደኛው አንቀፅ ላይ። እሱን ወደ ላይ አምጪው።

አርታኢው፦
ሰው "አሳጥሪው" ይልሻል፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ብዙ ዓመት የሰው ፅሁፍ ሳርም ያየሁት፣ አንባቢ የሚሄደው ቀጥሎ ማወቅ የሚፈልገው ነገር ሲያጣ ነው፣ እናቴ መነፅሯን አድርጋ ረጅም ታሪክ በስልክ ትጨርሳለች፣ አጭር ማስታወቂያ ግን አትጨርስም። ደቻቱ ማዶ ያለው ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ልጨምርበት፣ ሁሉንም እላይ አትዘርግፊው። ሐረር ሊገባ እንደነበር ንገሪያቸውና ለምን እንደቀረ ሁለት አንቀፅ አቆዪው፣ እንዳትረሺው ብቻ፣ ቃል ገብቶ መልስ የማይሰጥ ፅሁፍ አንዴ ነው የሚነበበው። ርዕስ ላይ "ጉድ ስሙ" የሚባለውንም ለዚሁ ነው የምጠላው።

ስለ ቪው ደሞ፣ የቴሌግራሟ አይን የምትቆጥረው ፖስቱ ስክሪኑ ላይ የታየለትን ነው፣ እያንሸራተተ ያለፈም ይቆጠራል፣ ስለዚህ በሱ አትፅናኚ፣ በሱም አትዘኚ። መሃል ላይ አንድ ጥያቄ ጣዪና ስንት ሰው እንደመለሰ እዪ። ፖስት 4096 ፊደል ላይ ይቆማል፣ ከፎቶ ስር ከሆነ 1024 ነው በነፃው አካውንት፣ እና ስትከፍዪው አንዱ ነገር ያለቀበት ጋ ሳይሆን ሊጀመር ያለበት ጋ ቁረጪው።

የከዚራ ልጅ፦
ተባረኩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስሰርዝ ነው ያደርኩት። አሁን እንዲህ ሆነ፦

"አያቴ ፉርጎው ገና ሳይታይ በድምፁ ብቻ ጭነት እንዳለው ወይ ባዶ እንደሆነ ይነግረን ነበር። ጆሮውን ወደ ሀዲዱ አዘንብሎ 'ባዶ ነው' ይላል። ባዶ ይሆናል። እሱ የሰራበት ባቡር ግን ድሬዳዋ ሊመጣ አልነበረም። ሐረር ነበር የሚሄደው።"

እንዴት ነው? ዓመተ ምህረቱን የት ጋ ላግባው?

ደቻቱ ማዶ፦
ወይኔ፣ አሁን ነው የፃፍሽው። የኔም አጎት ድምፁን ይለይ ነበር። ቀጣዩን መቼ ነው የምትለቂው?

ቲቸር፦
"ባዶ ይሆናል" የምትለዋን እንዳትነኪያት። ዓመቱን ሦስተኛው አንቀፅ ላይ አግቢው፣ ግን በኛ ወይ በፈረንጅ አንዱን ምረጪና እስከ መጨረሻው በሱ ሂጂ። በፈረንጅ 1902 ብለሽ ከታች በኛ 1895 ካልሽ፣ ሰው ባቡሩ ወደ ኋላ የሄደ ይመስለዋል፣ እዛ ጋ ቆሞ ማስላት ይጀምራል፣ ከዛ አይመለስም።

አርታኢው፦
ከመልቀቅሽ በፊት ለአያትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፣ የት ጋ እንደሚያቋርጡሽ ፃፊው።

የከዚራ ልጅ፦
ዛሬ ማታ አነብለታለሁ።