ክርክር፦ ትሬድሚል ይገዛ ወይስ የክበቡ ምግብ ይስተካከል?

አወያይ
ሰላም የጅማ ሰዎች። የዛሬው ጥያቄ እዚሁ ከተማችን ካለ አንድ መሥሪያ ቤት የመጣ ነው፤ ስሙ ይቆየን። የሠራተኞች ማኅበሩ ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሟል። ግማሹ አባል «ባዶውን መጋዘን ጂም እናድርገው፣ ሁለት ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) እንግዛ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ገንዘቡ ለክበቡ ይዋል፣ ምግቡ ይስተካከል» ባይ ነው። የሁለቱም ዓላማ ኪሎ መቀነስ ነው። ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ ግን የለም። የቱ ይቅደም? ስድብ አይፈቀድም። በሰው ሰውነት መሳለቅም አይፈቀድም።

የስፖርት መምህሩ
እኔ ለጂሙ ነኝ። የቢሮ ሠራተኛ ችግሩ ወንበሩ ነው። ጠዋት በባጃጅ ይመጣል፣ ቀኑን ቁጭ ብሎ ይውላል፣ ማታ በባጃጅ ይመለሳል። አስር ደቂቃ ለማይሞላ መንገድ ቆሞ ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው በዝቷል። ወላጆቻችንም ቅቤውን በልተዋል፣ ማሩን በልተዋል። ግን ገበያ የሚሄዱት በእግራቸው ነበር። ምግቡ ያው ነው፤ የተለወጠው እንቅስቃሴያችን ነው።

የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ክረምት ከገባ ከሥራ በኋላ ሶምሶማ እወጣለሁ ማለት ዘበት ነው። ጣሪያ ያለው ቦታ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሰው ይህን የት ያሟላው?

ሲስተር
መምህር፣ ስለ 150 ደቂቃው እኔም ለታካሚዎቼ ሁልጊዜ እናገራለሁ። ስፖርት ጥሩ ነው ወይ ተብሎ ቢጠየቅ ክርክር ባላስፈለገን ነበር። የተጠየቅነው ኪሎ ለመቀነስ የቱ ይቅደም የሚለውን ነው። እዚህ ላይ ሒሳቡ ወደ ምግቡ ያደላል።

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ቢራመድ 250 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ከዚህ ውስጥ 70 ያህሉን ቁጭ ቢልም ያቃጥለው ነበር። ስለዚህ የእግሩ ትርፍ 180 ቢሆን ነው። አሁን ወደ ክበቡ እንግባ። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ከ30 ግራም የሚያልፍ ስኳር አለ፤ 120 ካሎሪ ገደማ ማለት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትም እንዲሁ ወደ 120 ካሎሪ ይጠጋል። አንድ ለስላሳ የጠጣና ፍርፍሩ ላይ አንዲት ማንኪያ ዘይት የተጨመረችለት ሰው የሰዓቱን ልፋት ጨርሶ ሌላ አትርፎ ተነሳ። ያውም በአምስት ደቂቃ።

የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ላይ ነው የምሠራው። «እየተራመድኩ ነው፣ ኪሎዬ ግን አልነቃነቅ አለ» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ያዝናሉ። አንዳንዶቹ ተስፋ ቆርጠው መራመዱንም ይተዉታል። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በስፖርት ብቻ ትከሳለህ ብለን ቃል እንገባለታለን፤ ሳይሆን ሲቀር ጥፋቱ የራሱ ስንፍና ይመስለዋል። ያልነገርነው የሳህኑን ነገር ነው።

«ምግቡ ያው ነው» በሚለው ደግሞ አልስማማም። ለስላሳ በፊት ለሠርግና ለክርስትና፣ ለዒድ የሚቀርብ ነገር ነበር። ዛሬ ከምሳ ጋር ነው። ፓስቲና ሳምቡሳ በየማዕዘኑ ይጠበሳል። ምግቡ ተለውጧል።

እትዬ (ከመርካቶ)
ቁርስ ቤት አለኝ። ሲስተር ያለችው እውነት ነው። ጨጨብሳው ላይ ቅቤው ካልተንጠባጠበ ደንበኛ ይቆጣል። ቅቤ ልቀንስልህ ስለው «ታዲያ ዋጋውንም ቀንሺ» ይለኛል። ለሰው ጥሩ ምግብ ማለት ዘይቱና ቅቤው የሚታይበት ነው። መጀመሪያ ይሄ ካልተለወጠ ማንም ባለ ምግብ ቤት ብቻውን ሊለውጠው አይችልም፤ ደንበኛው ጎረቤት ይሄዳል።

ለመምህር ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እኔና አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ገና ሳይነጋ ጀምረን ቆመን ነው የምንውለው። ወንበር የለም። ግን በየመሀሉ እንቀምሳለን፣ የተረፈውን እንጨርሳለን። ቆሞ መዋል ብቻውን የሚያከሳ ቢሆን ምግብ ቤት የሚሠራ ሰው አይወፍርም ነበር።

ባጃጅ ነጂው
ጅማ ላይ ሆነን ስለ ኪሎ ስናወራ ጫት መዝለል የለብንም። ብዙዎቻችን ሹፌሮች ምሳ ሳንበላ እንውላለን። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ግን በርጫው ላይ ለስላሳ አለ፣ ኦቾሎኒ አለ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ አለ። ማታ ምርቃናው ሲበርድ ጨብሲ ይመጣል። ቢራ፣ ከዚያ በውድቅት ሌሊት ጥብስ። በልቶ ወዲያው መተኛት ነው። ምሳ የዘለለ ሰው ይከሳል ብላችሁ አታስቡ። ጓደኞቼን አያቸዋለሁ፤ ቦርጩ ሁሉም ጋ አለ። ለዚህ ትሬድሚል ምን ይሠራል?

ሲስተር
ወንድሜ፣ በጣም ትክክል ነህ። አልኮል በግራም 7 ካሎሪ አለው፤ ስብ 9፣ ስኳርና ዱቄት 4። ቢራውን እንደ ምግብ የሚቆጥረው ሰው ስለሌለ ከሒሳቡ ያመልጣል።

የሥነ ምግብ ተማሪው
ሰውነታችን በቀን ከሚያቃጥለው ኃይል አብዛኛው ለስፖርት አይደለም። ከ60 እስከ 70 በመቶው በሕይወት ለመቆየት ብቻ ይሄዳል፤ ልብ እንዲመታ፣ አንጎል እንዲሠራ፣ ሙቀት እንዲጠበቅ። 10 በመቶ ያህሉ ምግብ ለመፍጨት ነው። ለእንቅስቃሴ የሚቀረው ከዚህ የተረፈው ነው።

ታንዛኒያ ውስጥ ሃድዛ የሚባሉ አድነውና ሥራ ሥር ቆፍረው የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ተመራማሪው ኸርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ እነዚህ ሰዎች በቀን የሚያቃጥሉትን ኃይል ለክተው እ.ኤ.አ. በ2012 አሳተሙ። ሃድዛዎች ብዙ ይራመዳሉ። ሆኖም የሰውነታቸው መጠን ሲታሰብ የሚያቃጥሉት ኃይል ከአሜሪካና ከአውሮፓ ሰዎች ብዙም አልተለየም። ፖንትዘር እንደሚለው እንቅስቃሴ ሲበዛ ሰውነት ከሌላ ሥራው ይቆጥባል። በማብራሪያው ሁሉም ተመራማሪ አይስማማም። ልኬቱ ግን ስፖርት በሠራን ቁጥር ካሎሪው በዚያው ልክ ይጨምራል ብሎ ማሰብን ከባድ ያደርገዋል።

ሌላም አለ። ተመራማሪው ኬቨን ሆል አሜሪካ ውስጥ 20 ሰዎችን ሆስፒታል አስተኝቶ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ2019 አውጥቷል። ሁለት ሳምንት የፋብሪካ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ እንደሚሠራ ያለ ምግብ። የቀረበላቸው ስኳር፣ ስብና አሠር (ፋይበር) ተመጣጣኝ ነበር። የፈለጉትን ያህል ብሉ ተባሉ። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ። ክበብ ውስጥ ብስኩትና ለስላሳ ከፊት፣ ሙዝ ከኋላ ከተደረደረ ውጤቱን መገመት አይከብድም።

የስፖርት መምህሩ
ካሎሪ ካሎሪ ስትሉ ሰውየውን ረሳችሁት። ሰው ኪሎ መቀነስ የሚፈልገው ለምንድን ነው? ስኳር እንዳይዘው፣ ልቡ እንዳይደክም። ታዲያ ቻይና ዳ ቺንግ ከተማ የተደረገውን ጥናት እዩት። እ.ኤ.አ. በ1986 ነው የተጀመረው። ወደ ስኳር በሽታ የተጠጉ 577 ሰዎችን ነው የያዘው። አንዱ ቡድን ምግብ ብቻ፣ ሌላው እንቅስቃሴ ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም። ከስድስት ዓመት በኋላ ሲታይ ምንም ካልተደረገላቸው ጋር ሲነጻጸር የበሽታው ስጋት በምግብ ቡድኑ 31 በመቶ፣ በእንቅስቃሴ ቡድኑ 46 በመቶ፣ በሁለቱም 42 በመቶ ቀነሰ። እንቅስቃሴው ከምግቡ አላነሰም!

ደግሞ በረሃብ ብቻ የሚከሳ ሰው ስብ ብቻ አይደለም የሚያጣው። ከሚቀንሰው ውስጥ አንድ አራተኛው ገደማ ከስብ ውጭ ያለ አካል ነው፤ ጡንቻ አለበት። ክብደት የሚያነሳ ሰው ጡንቻውን ያተርፋል። ሚዛኑ ይህን አይነግራችሁም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የቀነሰው ተመልሶ ይመጣል። በአሜሪካ በቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር የተወዳደሩ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ተለክተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ። አብዛኞቹ መልሰው ወፍረዋል። ሰውነታቸው በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ኃይል ከሚጠበቀው በ500 ካሎሪ ገደማ ያነሰ ነበር። ከመካከላቸው ሳይመለስባቸው የቆየው እነማን ላይ ነው? ይበልጥ ይንቀሳቀሱ የነበሩት ላይ።

ሲስተር
መምህር፣ ይሄን ስላመጡት ደስ ብሎኛል። ግን ያመጡት ማስረጃ ሁለት ሥራዎችን ይለያል። ኪሎን ማውረድ አንድ ነው። የወረደውን ይዞ መቆየት ሌላ ነው። ለማውረድ ሳህኑ ይቀድማል። ለመያዝ እግሩ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ኪሎ ቀንሰው የቆዩ ሰዎች የሚመዘገቡበት መዝገብ አለ። አብዛኞቹ ምግባቸውን አስተካክለዋል፤ በዚያ ላይ በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ። አብዛኞቹ የሚሠሩት ደግሞ ተራ የእግር ጉዞ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ትልቁ የአሜሪካ የስኳር መከላከል ጥናትም እንደዚሁ ነው። ከ3,000 በላይ ሰዎች ነበሩበት። ግቡ 7 በመቶ ክብደት መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ነበር። የበሽታው ስጋት በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት የተሰጣቸው 31 በመቶ ነው የቀነሰላቸው። እዚያም እንቅስቃሴው በአብዛኛው መራመድ ነበር። ስለዚህ እርስዎ ስለ እንቅስቃሴ ልክ ሆነውም ትሬድሚሉ ላያስፈልግ ይችላል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ
እኔ ከዚያው መሥሪያ ቤት ነኝ፤ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ጂሙን ማን ይጠቀመዋል? ከሥራ በኋላ መቅረት የሚችለው ቤት ውስጥ ልጅ የማይጠብቀው ሰው ነው። እኔ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጅ ለመውሰድ እሮጣለሁ። ብዙዎቻችን ሴቶች እንደዚሁ ነን። በዚያ ላይ ከአለቃዬ ጎን ቆሜ በስፖርት ልብስ መሮጥ አልፈልግም፤ የማይፈልጉ ብዙ እህቶች አሉ። መብራት ሲጠፋም ማሽኑ ይቆማል። ገንዘቡ ግን ከሁላችንም ደመወዝ የተቆረጠ ነው። ክበቡ ውስጥ ደግሞ ሁላችንም እንበላለን፤ ጥበቃውም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም፣ ኃላፊውም።

አሁን ያለውን ልንገራችሁ። ሻዩ ከነስኳሩ ተፈልቶ ነው የሚመጣው። ያለ ስኳር የሚፈልግ ሰው ምርጫ የለውም። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ሲሠራ ዘይቱ ከእንጀራው ሥር ኩሬ ይሠራል። ጎመን አልፎ አልፎ ነው። ጅማ ውስጥ አቮካዶ፣ ሙዝና ፓፓያ ሞልቶ፣ ክበባችን ውስጥ ፍራፍሬ በጁስ መልክ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ስኳር ተጨምሮበት። ስኳሩን ለብቻ ማቅረብ ብር አይጠይቅም። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ባቄላውን በልክ ዘይት መሥራት እንዲያውም ወጪ ይቀንሳል። ገንዘቡ ለውኃ ማጣሪያ ቢውል ለስላሳ የምንገዛበት ግማሹ ምክንያት ይጠፋል። ሰው ውኃ ስለሌለ ነው ለስላሳ የሚያዘው።

እትዬ (ከመርካቶ)
እሰይ ልጄ! ስለ ውኃው ማንም አላሰበም ነበር።

የጅሬኑ አባት
ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኩ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት እወጣለሁ። ከመሀል ከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የቻለ ሰው ግማሹን ይውጣ። ሐኪሜ ግፊትህ ተሻሽሏል ብሎኛል። ኪሎዬ እምብዛም አልቀነሰም። እና መራመዱን ልተወው? አልተወውም። ጉልበቴን፣ እንቅልፌን፣ ከሰው ጋር የማወራበትን ሰዓት የሰጠኝ እሱ ነው። ስለዚህ ሲስተር፣ ለወጣቶቹ ስትነግሪያቸው «ስፖርት አያከሳም» የሚለው ብቻ ጆሯቸው ላይ እንዳይቀር ተጠንቀቂ። ሰነፍ ሰው የሚፈልጋትን ብቻ መርጦ ይሰማል።

መምህር፣ አንተም ዳገት ባለበት ከተማ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዳገት አታስገዛ።

ሲስተር
አባባ፣ ልክ ነዎት። እንደሱ እንዲሰማ አልፈልግም። የሆድ ዕቃን የሚከበው ስብ ሚዛኑ ሳይወርድም በእንቅስቃሴ ሊቀንስ ይችላል። ለታካሚ ሁሉ መራመድ አዛለሁ። ቃል የማልገባው የኪሎውን ብቻ ነው።

የስፖርት መምህሩ
አባባ፣ እሺ፣ ስለ ትሬድሚሉ ብዙ አልሟገትም። ዋጋውም መለዋወጫውም ከባድ ነው። ግን ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ወደ ማዕድ ቤት ከሄደ እቃወማለሁ። መጋዘኑ ባዶ ነው፤ ምንጣፍ፣ ገመድና ጥቂት ክብደት ማንሻ ይግባበት። ይሄ ርካሽ ነው፣ መብራትም አይፈልግም። ለሴቶቹ በምሳ ሰዓት የራሳቸው ጊዜ ይመደብ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ በአዌቱ ወንዝ ዳር የእግር ጉዞ ይኑር፤ ልጅ ያለው ልጁን ይዞ ይምጣ። እኔ በነጻ እመራለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ
በዚህ እስማማለሁ። ሰኞ ለኮሚቴው የማቀርበው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የውኃ ማጣሪያው፣ ስኳሩ ከሻዩ እንዲለይ፣ የዘይቱ ልክ ከምግብ ሠሪዎቹ ጋር እንዲወሰን፤ ከተረፈው ገንዘብ የመምህሩ ዕቃዎች። ትሬድሚል የሚለው ይሰረዝ።

ባጃጅ ነጂው
የቅዳሜው ጉዞ ለእናንተ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው ወይስ እኛም እንመጣለን?

የስፖርት መምህሩ
ኑ እንጂ! ባጃጇን አቁማችሁ ኑ።

ሲስተር
አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር እንክብል የምትወስዱ ሰዎች ምግብ በድንገት አትቀንሱ፣ በባዶ ሆድም ለረጅም ጉዞ አትውጡ። ስኳራችሁ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። መጀመሪያ ክትትል የምታደርጉበት ቦታ ሄዳችሁ መጠኑን አስተካክሉ። ለቅዳሜው ጉዞም ከረሜላ ወይም ትንሽ ስኳር ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ።