የአባባ መታሰቢያ፦ ከአርባቸው በፊት እንስማማ

የዕድሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ወገኖቼ። የአባባ አርባ ሁዳዴ መሀል ላይ ይውላል። ከዚያ በፊት ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ አብረን እናውጣ። ከአባላት የመጣው የመጀመሪያ ሐሳብ በመቃብራቸው ላይ የእብነ በረድ ሐውልት፣ ከነሜዳሊያቸው ፎቶ ጋር ማቆም ነው። እኔም ስሰማው ደስ ብሎኝ ነበር። እያደር ግን አንድ ነገር ከበደኝ። አባባ በሚያዝያ 1943 በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚያ በመርከብ ኮሪያ ከተጓዘው ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ነበሩ። ለነሱ አፍንጮ በር ላይ ሐውልት ቆሞላቸዋል። ከተመለሱ በኋላ ግን ከ60 ዓመት በላይ ያረሱት እዚሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ባለው መረሬ፣ ጥቁሩ አፈር ላይ ነው። ገበሬውን አባባን በምን እናስባቸው?

ገንዘብ ያዥ፦
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ሐውልቱን ልጆቻቸው ካሰቡበት ያቁሙ፣ የዕድሩ ገንዘብ ግን ለሌላ ይሁን። አባቴ ያረፈ ዓመት ቤታችን ዘር አልነበረም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አባባ ሽምብራ በአህያ ጭነው መጡ። ወለድ የለ፣ ፊርማ የለ፤ ሲደርስ ያንኑ ያህል መመለስ ብቻ። ያን ዓመት ባንዘራ ኖሮ እናቴ መሬቱን ለእኩል ሰጥታ እኛን ይዛ ከተማ ትገባ ነበር። እንዲህ ያደረጉለት ስንት ቤት አለ? በስማቸው የዘር ማስቀመጫ እንክፈት።

ከቁምስናው መዘምራን፦
ሃይማኖታቸውንም ወደ ጎን አንተወው። እህሉ ዝናብ ሊመታው ነው ቢባል እንኳ እሁድ ማሳ አይወርዱም ነበር። ማታ ማታ በሬዎቹን ፈትተው መቁጠሪያቸውን ይዘው ግራሯ ሥር ይቀመጣሉ። ስለ ኮሪያ ስንጠይቃቸው ብዙ አያወሩም። ያልተመለሱ ጓደኞቻቸውን ግን አንድ በአንድ በክርስትና ስማቸው እየጠሩ ይጸልዩላቸው ነበር፣ እኔ ልጅ ሆኜ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። እዚያ የወደቁት ከ120 በላይ ናቸው። በአርባው ቅዳሴ ላይ እነሱም ይታሰቡ። ካህኑን እኔ አነጋግራለሁ።

የድንኳን ኃላፊ፦
ምግቡ የጾም ነው፤ ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም ይጾማል። እኛ ሙስሊሞቹም አብረን እንበላለን፣ ማን አረደው የሚል ጥያቄ የለም። ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ሽሮ ይበቃል። ንፍሮው ከራሳቸው ሽምብራ ቢሆንስ?

የልጅ ልጃቸው፦
እሱን ባትነኩብኝ እወዳለሁ። አባባ ሲያርፉ ሽምብራው ገና አውድማ ላይ ነበር። ሐዘኑ ሳይወጣልን ነው የወቃነው፣ 3 ኩንታል ሆነ። ሁሉንም ለዘር እንሰጣለን። ለንፍሮው ስንዴ ይገዛ። ግን የምፈራው አለ። መሬቱ እየተሸነሸነ ለቤት እየሄደ ነው፣ የእኛው ራሱ የቀረው ሁለት ጥማድ ነው። ዘሩን ማን ይዘራዋል?

ገንዘብ ያዥ፦
መዝገቡን አይቻለሁ እህቴ። ከአባሎቻችን 14 ቤት አሁንም ያርሳል። ለነሱ ይበቃል። ሽምብራ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ስለሚበቅል መረሬው ይወደዋል። የሚያሰጋን ነቀዝ ነው። አየር የማያስገባ ከረጢት ይገዛ፣ እስከ ነሐሴ ማንም አይክፈተው።

የዕድሩ ጸሐፊ፦
እንግዲህ እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ፣ ያልተስማማ ይናገር። ዕድሩ ከረጢቶቹንና የንፍሮውን ስንዴ ይችላል። የአባባ ሽምብራ በአደራ ዕድሩ መጋዘን ይቀመጣል፣ ቁልፉ በሦስት ሰው እጅ ይሆናል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዘር ላጠረው ቤት ይሰጣል፣ መጀመሪያ አባወራ ለሞተበት። ሲደርስ ያንኑ ያህል ይመልሳል። ወለድ አይጠየቅም፤ ይሄን ጉባኤው እንዳይቀይረው አስምሬበታለሁ። ሐውልቱ የቤተሰቡ ጉዳይ ነው። በቅዳሴው ላይ የኮሪያዎቹም ይታሰባሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት ዘሩን እንለቅማለን። ይሄ የሴቶች ሥራ ነው ብሎ የሚቀር እንዳይኖር፣ አባባ ራሳቸው ቁጭ ብለው ይለቅሙ ነበር። ሰፌድ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።