ማስተርስ ልጀምር ነው፤ ደሴ እንከራይ ወይስ ኮምቦልቻ?

የሎጊያዋ፦

ሰላም ናችሁ የወሎ ልጆች። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ማስተርስ ልጀምር ነው፣ የሕብረተሰብ ጤና። መደበኛ ነው፣ የቅዳሜና እሁድ አይደለም። ባለቤቴ ደግሞ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አካባቢ ሥራ አግኝቷል። የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለችን።

ሎጊያ ብዙ ስለኖርን ሙቀቱን ለምደነዋል። ብርድ ግን አይስማማንም፣ በተለይ ልጅቷ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ደረቷን ያፍናታል። ሰው ሁሉ ኮምቦልቻ ኑሩ ይለናል፤ ሞቃት ነው፣ ሜዳ ነው፣ ለባለቤትሽም ቅርብ ነው፣ አንቺ ትመላለሻለሽ፣ 25 ኪሎ ሜትር ምን አላት? እኔ ግን ማታ ላይብረሪ መቆየቱን፣ የቡድን ሥራውን፣ ከዚያ ልጅ ጋ ለመድረስ መሮጡን ሳስበው ከአሁኑ ይጨንቀኛል። ሁለቱንም ከተማ የኖራችሁባቸው እስቲ የምታውቁትን ንገሩኝ። የት ብንሆን ይሻላል?

የጦሳ ሥር፦

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ማስተርሴን ደሴ ነው የጨረስኩት፣ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ከኮምቦልቻ እየተመላለስኩ።

25 ኪሎ ሜትር ያሉሽ ሰዎች ሀረጎ የሚባለውን ዳገት አልነገሩሽም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። ያን ሁሉ ከፍታ የምትወጪው ገደል ገደሉን በሚጠማዘዝ ዳገት ነው። ደህና ቀን ከሆነ ምንም አይልም፣ እንዲያውም ቁልቁል ስታይው ደስ ይላል። ክረምት ላይ ግን ጉሙ ይወርድና መኪናው መብራት አብርቶ እየተንፏቀቀ ነው የሚሄደው። አንድ ተሳቢ ኩርባ ላይ ከተበላሸ ደግሞ ሁሉም ከኋላው ተሰልፎ ይቆማል፣ ፈተና አለብኝ ብትይ የሚሰማሽ የለም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔን ያደከመኝ ግን መንገዱ ራሱ አልነበረም። ሰዓቱ ነው። ክላስ ያልቃል፣ ጓደኞችሽ ለቡድን ሥራ ይቀመጣሉ፣ አማካሪሽ 11 ሰዓት ላይ ቢሮ ነይ ይልሻል፣ አንቺ ግን ሰዓትሽን ነው የምታይው። መናኸሪያ ስትደርሺ መሽቷል፣ ረዳቱ አንድ ሰው የቀረው እያለ ይጮኻል፣ በሩ ላይ ስድስት ሰው ይጋፋል፣ አንቺ ላፕቶፕሽን ደረትሽ ላይ አቅፈሽ ትገቢያለሽ። ቤት ስትደርሺ ልጅ ተኝታለች። የማስተርስ ትምህርት ግማሹ ከክላስ ውጭ ነው፣ ያን ግማሽ ታክሲ እንዲበላብሽ አትፍቀጂ። ደሴ ተከራዪ።

ቦርከና ማዶ፦

እኔ አልስማማም። የልጅቷን ነገር ሁላችሁም ዘለላችሁት። ደረቷ የሚያፍናት ልጅ ደሴ መጥታ ኅዳርና ታኅሣሥን እንዴት ልታሳልፍ ነው? ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይገባል እኮ። ኮምቦልቻ ልጅ ውጭ ወጥታ ትጫወታለች፣ ባጃጅ ሜዳውን ለሜዳው ያደርስሻል፣ አባቷም ቅርብ ነው፣ ድንገት ከመዋዕለ ሕጻናት ቢደወል ቶሎ ይደርሳል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ሀቁን ለመናገር ሁለት ነገር አለ። አንደኛ ኪራይ ርካሽ ነው የሚሉሽን አትስሚ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ቤት ፈላጊው ብዙ ነው። ሁለተኛ ከክረምት በኋላ ወባ አለ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር አጎበር ሳትሰቅሉ እንዳትተኙ። ለአንቺ ሙያሽ ስለሆነ አልነግርሽም።

የሀረጎ ሹፌር፦

ልጄ፣ ይህን መንገድ ስመላለስበት ነው ያረጀሁት። ሁለቱም ያሉሽ ልክ ነው። ግን ሁሉም የሚመላለሰው አንቺ እንደሆንሽ አድርጎ ነው የሚያወራው። ለምን? ከሁለታችሁ አንዳችሁ መመላለሳችሁ ካልቀረ መግቢያና መውጫ ሰዓቱ የታወቀው ይመላለስ። ባለቤትሽ ጠዋት በታወቀ ሰዓት ይወርዳል፣ ማታም በታወቀ ሰዓት ይወጣል። ደሴ እያደረ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው፣ እኔ ራሴ በየጠዋቱ የማወርዳቸው ደንበኞች አሉኝ፣ መቀመጫቸውን ሁሉ አውቀዋለሁ። ተማሪ ግን ዛሬ 8 ሰዓት ይወጣል፣ ነገ 12 ሰዓት። ከመሸ በኋላ መኪና ይሳሳል፣ በጉም ደግሞ እኛም መውጣት አንወድም። ነዳጅ የጠፋ ቀንማ ተይው።

አላህ ያግራልሽ። ትምህርትሽን ጨርሺ።

የሎጊያዋ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሰዓቱ የታወቀው ይመላለስ ያሉትን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ቆየና "እውነታቸውን ነው፣ እኔ ልመላለስ" አለኝ። እስከ ዛሬ ለምን እንዳላሰብነው አላውቅም፣ እናት ስለሆንኩ ይሆናል ሁሉም ነገር በእኔ በኩል የተሰላው።

ቦርከና ማዶ፣ ልጄን ስላሰብሽልኝ አመሰግናለሁ። እኔንም የያዘኝ እሱ ነው። የደሴ ሰዎች፣ ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ፣ ብርዱን እንዴት ትችሉታላችሁ? ሰፈርስ የቱ ይሻላል?

የጦሳ ሥር፦

አብሽሪ። የደሴ ልጆችም ልጆች ናቸው፣ ያድጋሉ። ዋናው ቤቱ ነው፣ ከሰፈሩ በላይ ቤቱን ምረጪ። ደሴ ጦሳና አዝዋ ገደል መሃል የተሰነቀረች ከተማ ስለሆነች ተራራ ሥር የተጣበቁት ቤቶች ወይ ፀሐይ ዘግይቶ ይደርሳቸዋል ወይ ቶሎ ይሸሻቸዋል። ፒያሳ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሆጤ፣ ሮቢት፣ የትም ብትሄጂ ደህናም መጥፎም ቤት አለ። ደላላው ከሰዓት ላሳይሽ ቢልሽ እሺ አትበይው፣ ጠዋት ሄደሽ ፀሐይ የልጅቷ ክፍል መግባቷን እይ። ግድግዳውን ከታች በእጅሽ ዳስሺው። አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ በደንብ ዳስሺው፣ እርጥበቱን የሚደብቁት በቀለም ነው። ከአልጋው ጀርባ ጥቁር ጥቁር ነገር ካየሽ ኪራዩ ግማሽ ቢሆንም ተይው፣ ለደረት ከብርዱ የሚብሰው እሱ ነው።

ሌላው ከሰል ነው። እዚህ ሰው ሲበርደው ምድጃውን ቤት ውስጥ አስገብቶ በር ይዘጋል። ቡና ተፈልቶ ካለቀ በኋላም ፍሙ እንዲያሞቅ ይተዋል። አከራይሽ በደግነት ፍም ይዘውልሽ ቢመጡ እንኳ በትህትና እምቢ በያቸው።

ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ ከአከራዩ ሳይሆን ከተከራዮቹ ጠይቂ፣ ሮቶ ያለው ጊቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ደግሞ ክፉ አያምጣውና ልጅቷ ሌሊት ቢያማት ትልቁ ሆስፒታል ያለው ደሴ ነው። ኮምቦልቻ ሆናችሁ በሌሊት ሀረጎን ከመውጣት ይሻላል።

ቦርከና ማዶ፦

አባትየው የሚመላለስ ከሆነ እኔም ደሴ እላለሁ፣ ግድ የለም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የዓመት ውል አትፈርሙ። የ3 ወር ያዙና የልጅቷን ደረት እዩ። ካልተስማማት ቅዳሜና እሁድ ወደ እኛ አውርዷት፣ እናቴ ጊቢ ውስጥ እኩዮቿ ሞልተዋል።

የሎጊያዋ፦

አላህ ይስጣችሁ። በባቲ በኩል ነው የምንመጣው፣ ሰኞ ገበያዋን አልፈን ማታ ኮምቦልቻ እናድራለን፣ ማክሰኞ በጠዋት ደሴ ቤት ለማየት እንወጣለን። ሐቀኛ ደላላ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጋሼ፣ ማክሰኞ ጠዋት የሚወጡ ከሆነ ከእርስዎ ጋር ነው የምንሳፈረው።