ነጭ አይጦች ግልገሎቻቸውን እየበሉ አስቸገሩኝ፤ መኖው ነው ብርዱ?

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ለእባብ ቀለብ የሚሆኑ ነጭ አይጦች እያረባሁ ነው። 45 በ30 ሴንቲ ሜትር የፕላስቲክ ሳጥን፣ ክዳኑ ሽቦ ወንፊት፣ አንድ ወንድ ከሦስት ሴት ጋር። መኖው ፉርሽካ፣ በቆሎና የኑግ ፋጉሎ፤ ፋጉሎው ከአምስት እጅ አንዱ ነው። በ20 ቀን ገደማ ይወልዳሉ። ችግሩ በማግስቱ ነው፤ ግማሾቹ ተበልተው ሰጋቱራው ላይ የጅራት ቁራጭ ይገኛል። ውሃ አይቋረጥም፣ ሳጥኑም ከወለዱ በኋላ አይነካም። የጥድ ሰጋቱራማ አይታሰብም፣ ሽታው ለመተንፈሻቸው ጠንቅ ነው።

የምጠረጥረው የፕሮቲን ማነስን ወይም የክረምቱን የሌሊት ብርድ ነው። ፋጉሎውን ልጨምር ወይስ የተቀቀለ እንቁላል ይሻላል? የጫጩት መኖስ፣ የኮክሲዲያ (የዶሮ አንጀት ተውሳክ) መድኃኒት ያለበት አይጎዳቸውም? እርጉዟን ለብቻ ለማውጣት አስቤያለሁ፤ ወንዱ አብሯት ከዋለ በወለደች በ24 ሰዓት ውስጥ መልሶ ያስረግዛታል። ስንት ቀን ሲቀራት ላውጣት?