ፊልትሮው ላይ የለጠፍኩት ማግኔት እንቅልፍ ነሳኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከተበላሸ ሃርድ ዲስክ ሁለት ማግኔት ፈታሁና የመኪናዬ የዘይት ፊልትሮ (ማጣሪያ) ላይ ከውጭ ለጠፍኳቸው። እውነቱን ለመናገር ለጨዋታ ያህል ነበር። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይት ስቀይር ፊልትሮውን በብረት መጋዝ ቆርጬ ከፈትኩት። ልክ ማግኔቶቹ በነበሩበት ልክ፣ ከውስጥ በኩል ግራጫ ጭቃ ተለጥፏል። በጣቴ ሳሸው እንደ ቅባት ይልማል። መሃሉ ላይ ግን ሦስት የሚያብረቀርቁ ቅንጣቶች አሉ። የሞተሩ ድምፅም ጉልበቱም ደህና ነው። ሞተሬ ራሱን እየበላ ይሆን?

መልስ 1፦
ጭቃው አያስፈራም። ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚወጣ ደቃቅ ነው፤ ደህና ሞተርም ያወጣል። ጣት የሚወጋ ስንጥር ብታገኝ ነበር የሚያስደነግጠው። ግን ወንድሜ፣ በመጋዝ ነው የቆረጥከው? መጋዙ ራሱ እኮ ብናኝ ያራግፋል! ፊልትሮ የሚቆረጠው እንደ ጣሳ መክፈቻ እየዞረ በሚቆርጥ መሣሪያ ነው።

መልስ 2፦
እኔ ማግኔት አልጠላም፤ ግን ብዙ አትመነው። የሚይዘው ብረት ብቻ ነው። ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፤ ብሮንዝ የምንለውም፣ የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ተሸካሚ፣ ገጹ አሉሚኒየም፣ መዳብ ወይም እርሳስ ነው። እነሱ ቢበሉ ማግኔትህ ምንም አይነግርህም። ሌላው ሙቀት ነው። የሃርድ ዲስክ ማግኔት ኒዮዲሚየም የሚባለው ዓይነት ነው፤ ተራው ኒዮዲሚየም ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ጉልበቱን ማጣት ይጀምራል፤ የሞተር ዘይት ደግሞ ሲሞቅ 100 ይደርሳል። የፊልትሮው ቆርቆሮም ብረት ስለሆነ የማግኔቱን ጉልበት ግማሽ መንገድ ላይ ይውጠዋል። ማግኔት ያለው የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ይሻልሃል፤ ሙቀት እንዲችል ተደርጎ የተሠራውን ምረጥ። ዘይቱ ውስጥ ተቀምጦ ይይዛል፣ ስትፈታው ደግሞ መጋዝ አያስፈልግህም።

ጠያቂ፦
የመጋዙ ነገር ጭራሽ አልታየኝም ነበር፤ አፈርኩ። ቅንጣቶቹን በቤንዚን አጥቤ ነጭ ወረቀት ላይ አደረግኳቸውና ማግኔቱን ከሥር አንቀሳቀስኩ። ሁለቱ ተከትለውት ሄዱ። በአጉሊ መነጽር ሳያቸው ጥቅልል ያሉ ናቸው፣ የመጋዝ ልጆች። ሦስተኛዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

መልስ 2፦
አንድ ቅንጣት ብቻዋን አትፈርድም፤ የፊልትሮው ቀለም ፍቅፋቂም ልትሆን ትችላለች። በጥፍርህ ስትጫናት ከተሰበረች ቀለም ናት፣ ከታጠፈች ብረታ ብረት።

ጠያቂ፦
ታጠፈች። የሚቀጥለውን ዘይት 5,000 አልጠብቅም፤ በ1,000 አፈሰዋለሁ። መጋዝ ግን አልነካም።