የሩሲያ የብር ኮቭሽ፦ የቀድሞ ባለቤቱን ከምልክቶቹ ማወቅ ይቻላል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ የገዛሁት የብር ዕቃ ሩሲያውያን «ኮቭሽ» የሚሉት፣ የጀልባ ቅርጽና አንድ እጀታ ያለው፣ በቀይና በሰማያዊ ፈርጦች ያጌጠ መጠጫ ነው። ሻጩ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት (ዛር) የነበሩት የኒኮላስ 2ኛ ቤተሰብ ንብረት እንደነበረ የነገሩኝ ከአንጥረኛው ስም በላይ ባለ ሁለት ራስ ንስር ስለታተመበት ነው። ከግርጌው ወደ ግራ የምትመለከት ሴት ራስና 84 ቁጥር፣ በጠርዙ ላይ ደግሞ በጣም ደቃቅ የወፍ ምልክት አለበት። የሻጩን ቃል ለማመን በቂ መሠረት አለኝ?

መልስ 1

ንስሩ ብቻውን የዛሩን ባለቤትነት አያስረዳም። ለቤተ መንግሥት ዕቃ አቅራቢነት የተሾሙ አንጥረኞች፣ ለምሳሌ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1885 ጀምሮ ፋበርዤ፣ ንስሩን ከስማቸው ጋር ያትሙት ስለነበር፣ ከሱቃቸው የገዛ ነጋዴም ይህንኑ ምልክት የያዘ ዕቃ ወደ ቤቱ ይወስድ ነበር። ኮኮሽኒክ የተባለውን የራስ ጌጥ ያደረገችው ሴት ወደ ግራ የምትመለከተው ከ1899 እስከ 1908 ድረስ በታተመ ብር ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቀኝ ዞራለች። 84 ማለት ከ96 እጅ 84ቱ፣ ማለትም ከሺህ 875 እጅ ንጹሕ ብር ነው።

መልስ 2

በቀደምት ዘመን ቢሆን ጉዳዩ ይቀል ነበር። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዛሮች ኮሳክ ለሚባሉት ፈረሰኛ ተዋጊዎች አለቆችና ለነጋዴዎች ኮቭሽ ሲሸልሙ የተሸላሚው ስምና የተሸለመበት ምክንያት በዕቃው ላይ ይቀረጽ ነበር። የእርስዎ ግን ያንን ጥንታዊ ቅርጽ በኋላ ዘመን ለጌጥ የደገመ ሥራ ስለሆነ፣ ጽሑፍ ከሌለበት ባለቤቱን የሚያስረዳው ወረቀት ብቻ ነው።

መልስ 3

እኔን የሳበችኝ ወፏ ናት። ረጅም አንገት ካላት፣ ፈረንሳይ ከ1893 ጀምሮ ከውጭ በገባ ወይም ምንጩ ባልታወቀ ብር ላይ የምታትማት ስዋን ልትሆን ትችላለች፤ ይህም ከሆነ ኮቭሹ በአንድ ወቅት በፈረንሳይ ገበያ አልፏል ማለት ነው። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ ወደ ፓሪስ የተሰደዱ ሩሲያውያን የቤተሰብ ቅርስ ሸጠዋል፤ የሶቪየት መንግሥትም በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የወረሳቸውን ውድ ዕቃዎች ለውጭ ገዢዎች አቅርቧል። ወፏ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አትነግርዎትም። ስለዚህ ከታች በመርፌ የተጫረ የዕቃ መለያ ቁጥር ካለ በማጉያ መነጽር ይፈልጉና ከድሮ የጨረታ ካታሎጎች ጋር ያስተያዩት። እባክዎ እስከዚያው ድረስ ብሩን አይወልውሉት፤ ጭረቱ ሊጠፋ ይችላል።

ጠያቂው

ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን ሳየው አንገቷ በእርግጥ ረጅም ነው፤ ከእጀታው ሥርም አምስት አኃዝ ያለው ጭረት አግኝቻለሁ። ሻጩ ራሳቸው የገዙበትን ደረሰኝ እንዲልኩልኝ ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ።