ላየንፊሽ ሕያው ዓሣ ካልሆነ አልበላም አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከለገጣፎ

ሰላም ለሁላችሁ። የጨው ውኃ አኳሪየም ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ምክራችሁን እፈልጋለሁ። ያለኝ ላየንፊሽ (እሾሃማው አዳኝ የባሕር ዓሣ) የሚበላው በሕይወት ያሉ የጨው አልባ ውኃ ዓሣዎችን፣ ትንንሾቹን ጋፒና ጎልድፊሽ ብቻ ነው። ከሱፐርማርኬት የገዛሁትን ሽሪምፕ ስጥልለት ዞር ብሎም አያየውም፤ ወርዶ አሸዋው ላይ ይቀራል። ፔሌትማ (ደረቁን ፍሬ መኖ) ጭራሽ አይነካም። የውኃው ሙቀት 25 ዲግሪ ነው፣ የጨው መለኪያው 1.024 ያሳያል፣ አሞኒያ (ከቆሻሻ የሚወጣው መርዝ) የለም። ዓሣው ንቁ ነው፣ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ያንሳል፣ ሆዱም ሞላ ያለ ነው። ሕያው ዓሣ ፍለጋ ሁልጊዜ መሀል ከተማ መመላለሱ ከብዶኛል። ጎልድፊሽ ይጎዳዋል ሲሉም ሰምቼ ተጨንቄያለሁ።

መልስ፣ ከሱሉልታ

ወንድሜ፣ ስለ ጎልድፊሹ የሰማኸው እውነት ነው። ጎልድፊሽ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ቲያሚኔዝ የሚባል ኢንዛይም በሰውነቱ አለ። እሱን ብቻ ለረጅም ጊዜ የበላ አዳኝ ዓሣ ቫይታሚኑ እያጠረው ይሄዳል። የባሕር ዓሣ የሚፈልገውን የኦሜጋ 3 ቅባትም ከወንዝና ከሐይቅ ዓሣ በበቂ አያገኝም። ስለዚህ መኖውን ለመቀየር ማሰብህ ትክክል ነው።

ላየንፊሽ ምግብን የሚለየው በእንቅስቃሴው ነው። የማይንቀሳቀስ ሽሪምፕ ለእሱ ከድንጋይ አይለይም። ስለዚህ ሽሪምፑን አንተው አንቀሳቅስለት። ቀጭን፣ ጠንከር ያለ፣ በውስጡ የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ፈልግ፤ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ጫፉን በምላጭ ሰንጥቀህ ምግቡን በስንጥቁ አስይዘው። የሾለ የእንጨት ስንጥር አትጠቀም፤ ዓሣው ሲያጠቃ በኃይል ስለሚውጥ አፉን ይወጋዋል።

መጀመሪያ በሽሪምፕ አትጀምር። የሚያውቀውን ጋፒ፣ ግን የሞተውን፣ በቱቦው ይዘህ አቅርብለት። ያንን ሲለምድ በጋፒው ልክ የተቆረጠ ሽሪምፕ ተካለት። ምሽት ላይ፣ መብራቱን ቀነስ አድርገህ፣ የውኃ ማዞሪያውንም ለጥቂት ደቂቃ አጥፍተህ ሞክር። ምግቡን ወደ አፉ አታስጠጋው፤ ታዳኝ ወደ አዳኙ አይመጣም። ፊት ለፊቱ ራቅ አድርገህ ጥቂት አንቀጥቅጠው፣ አቁመው፣ ከዚያ እንደሚሸሽ ሳብ አድርገው። ክንፉን ዘርግቶ ከተከተለህ ሥራው ግማሽ አልቋል።

ያንተ ዓሣ ሆዱ የሞላ ስለሆነ አምስት ስድስት ቀን ቢራብ አይጎዳም፤ ረሃቡ ያግዝሃል። ገና ትንሽ ቢሆን ግን ይህን አልመክርህም ነበር። ከተላመደ በኋላም በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ መመገብ ይበቃዋል።

መልስ፣ ከቡራዩ

የሽሪምፑን ቀለም እይ። ሮዝ ከሆነ የበሰለ ነው፤ ግራጫ የሆነውን ጥሬውን ግዛ፣ ጨውና ቅመም ያልነካውን። በትንንሽ ላስቲክ ለአንድ ጊዜ የሚሆነውን ለየብቻ ቋጥረህ አቀዝቅዘው። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ መልሰህ አታቀዝቅዘው፣ ጣለው። ልትመግብ ስትል ከአኳሪየሙ በኩባያ በቀዳኸው ውኃ አቅልጠህ፣ የቀለጠበትን ውኃ ድፋው።

መልስ፣ ከሰበታ

ልጄ፣ የተባለው ሁሉ ጥሩ ነው። እኔ የምጨምረው እኛ ያለንበትን ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምንኖር የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የጨው ውኃ ደግሞ ከጨው አልባው ያነሰ ነው የሚይዘው። አሸዋ ላይ የቀረ ሽሪምፕ ሲበሰብስ ያንኑ ኦክስጅን ይሻማል፣ አሞኒያም ያወጣል። ያልበላውን በአሥር ደቂቃ ውስጥ አውጣ፤ ያጠፋኸውን የውኃ ማዞሪያም መልሰህ ማብራት እንዳትረሳ።

ዓሣው ድንገት ምግብ ከተወ መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን እይ። ሌሊት መብራት ከጠፋ ማሞቂያውም ስለሚቆም በእኛ ብርድ ውኃው ቶሎ ይወርዳል፤ የቀዘቀዘ ዓሣ የመብላት ፍላጎት የለውም።

ለራስህም ተጠንቀቅ። የጀርባው፣ የሆዱና ከሆዱ ኋላ ወደ ጅራቱ ያለው ክንፍ እሾህ መርዝ አለው። ስትመግብ እጅህን አታስገባ። ከወጋህ ቁስሉን እንዳያቃጥልህ በምትችለው መጠን በሞቀ ውኃ ዘፍዝፈህ ወደ ሐኪም ሂድ።

ጠያቂ፣ ከለገጣፎ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በቱቦው የያዝኩትን የሞተ ጋፒ ወሰደ! ሽሪምፑን ግን ጎርሶ ተፋው። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ፣ ከሱሉልታ

እንዳትተወው፤ መጉረሱ ትልቅ ነገር ነው። ልጣጩን ሙሉ በሙሉ ላጥና ቀጠን አድርገህ ቁረጠው፤ ስፋቱ በሁለት ዓይኖቹ መካከል ካለው ርቀት አይብለጥ። ስኩዊድ (ለስላሳ ሥጋ ያለው የባሕር እንስሳ) ካገኘህ በቀጭኑ ሰንጥቀህ ሞክርለት፤ በውኃ ውስጥ እንደ ዓሣ ይውለበለባል። አንዴ ከለመደ በኋላ ግን በሽሪምፕ ብቻ እንዳታቆየው። ስኩዊድ፣ የባሕር ዓሣ ሥጋና ሽሪምፕ አፈራርቅለት። ፔሌት ብዙዎቹ ላየንፊሾች ስለማይቀበሉ አትድከምበት።

ጥያቄ፣ ከቱሉ ዲምቱ

እኔ ደግሞ ቢራቢሮ ዓሣ ልገዛ ነበር። እሱንም እንዲህ አስርቦ ማስለመድ ይቻላል?

መልስ፣ ከሰበታ

በፍጹም፣ ልጄ። ቢራቢሮ ዓሣ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት የሚለቅም ነው፤ ረሃብ አይችልም። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መስጠት አለብህ። ብዙዎቹን የሚያስጀምራቸው ዛጎሉ የተከፈተ ጥሬ ክላም (ሁለት ክዳን ያለው የባሕር ዛጎል) ሥጋ ነው፤ ከዛጎሉ ሳታላቅቅ አስቀምጥለት፣ ራሱ ይለቅመዋል። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ግን የሕያው ኮራል ሥጋ ብቻ ስለሚበሉ ምንም ብታደርግ አይለምዱም፤ እነሱን አትግዛ። ሌላውንም ቢሆን ሻጩ ፊትህ መግቦት ሲበላ ካላየህ ብር አትክፈል።